በቅበላ ቀን የሽሮ ተዝካር

"ቁልፉን ለማን ልትሰጥ ነው፣ አያ ሙሉጌታ? ዛሬ ቁርጡን ንገረኝ።"

አስረስ ነበር። ሞፈር ከምጠርብበት ድረስ መጥቶ ከፊቴ ቆመ።

ሞፈሬን መጥረቤን ቀጠልኩ። ያን ሰሞን ሰው ሁሉ የሚያናግረኝ ስለ ቁልፍ ብቻ ነበር...

አገራችን ከሐይቅ ወጣ ብሎ በአርዲቦ በኩል ነው። የቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ አንድ ነው። ሰርግም ክርስትናም ተዝካርም እዚያው ይደገሳል። ቁልፉን በአደራ የያዝኩት እኔ ነኝ።

አስረስ ልጁን ማርያማዊትን ሊድር ቀን ቆርጧል። የቅበላውን እሑድ።

በማግስቱ ዐቢይ ጾም ይገባል። ጾም ከገባ ሰርግ የለም። የወንዱ ወገን ደግሞ እስከ ፋሲካ አንጠብቅም ብሏል።

በዚያው እሑድ ስህን የባሏን የምስጋናውን የአርባ ተዝካር ልታወጣ ነው...

"ቀድሜ የተናገርኩት እኔ ነኝ" ይላል አስረስ።

"ባሌ ቀን መርጦ አልሞተም" ትላለች ስህን።

ሁለቱም እውነት አላቸው። እውነት ሁለት ሲሆን ዳኛ ይደክመዋል።

ሽማግሌ ተቀመጠ። ተነሳ። ደግሞ ተቀመጠ።

አንዱ "ጠዋት ለተዝካሩ፣ ከሰዓት ለሰርጉ ይሁን" አለ።

አስረስ ተቆጣ። "የሐዘን እህል በተበላበት ቤት ሙሽራ አላስቀምጥም። ገዱ ጥሩ አይደለም።"

ልጆች ድሬያለሁ፣ ወላጆቼን ቀብሬያለሁ። እንደዚያ ሰሞን ግን ደክሞኝ አያውቅም...

አንድ ጠዋት ስህን ራሷ ጥቁሯን ለብሳ መጣች።

"ቁልፉን ለአስረስ ስጠው" አለችኝ።

"አንቺስ?"

"ኑርዬ አውድማውን ሰጥቶኛል።"

ኑርዬ እስላም ጎረቤቷ ነው። ወደ አውድማው ስሄድ ዳስ ሲጥልላት አገኘሁት።

"አዳራሻችሁ ሲያጣላችሁ የኔ አውድማ ሊያስታርቃችሁ ነው" አለኝ ምሰሶ እየተከለ። "ቄሶቹ እዚህ ከጸለዩ የሚመጣው ዓመት ማሽላዬ እጥፍ ነው፣ ወላሂ።"

ቁልፉን ለአስረስ ሰጠሁት።

"እውነት ቀስ ብላም ቢሆን ትወጣለች" አለኝ።

ወደ ሞፈሬ ተመለስኩ።

እሑድ ደረሰ...

አስረስ ሁለት በሬ ጥሏል። ወጡ በየድስቱ ተደርድሯል። ሙሽራዋ ተቀምጣለች። አግዳሚው ግን ባዶ ነው።

ለሰርግ ሰው ሲጠሩት ይመጣል። ለሐዘን ሳይጠሩት ይሄዳል። መንደሩ ደግሞ ያው አንድ መንደር ነው። ሰዉ ከቅዳሴ ወጥቶ በቀጥታ ኑርዬ አውድማ ገብቷል።

የአስረስ ፊት ጠቆረ።

"አየህ? አዳራሹን ለቀቀችና ሰዉን ያዘችው። እዚያ ጠግቦ የወጣ እዚህ ምን ይበላል? ነገ ጾም ነው። ይሄ ሁሉ ሥጋ የውሻ ሲሳይ ሊሆን ነው።"

"ጸሎት ላይ ይሆናሉ" አልኩት።

"ሆን ብላ ነው። ሂድና አይተህ ና።"

ሄድኩ።

ዳሱ ጢም ብሏል። ሰው ግን አኩርፏል። ገበታው ላይ ያለው ሽሮና ጎመን ነው...

በቅበላ ቀን። ሰው ሥጋ በሚሰናበትበት ቀን።

ለተዝካሩ የተቀለበው ወይፈን ከበረት እንደታሰረ ጭዱን ይበላል።

"ባሏን በሽሮ ሸኘችው" አለ አንዱ።

"ወይፈኑን ልትሸጠው ይሆናላ" አለች አንዷ። "ሟቹስ እጁ አይያዝም ነበር።"

ኑርዬ ብቻ ይስቃል። "ሌላ ጊዜ ለኛ ለብቻ ይታረድልን ነበር። ዛሬ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ተራብን።"

ስህን ሁሉንም ትሰማለች። ለማንም አልመለሰችም።

ቄሶቹ ጸሎታቸውን ሲያደርሱ ብድግ አለች።

"ነፍስ ይማር ካላችሁልኝ ተነሱ። ማርያማዊት እየጠበቀቻችሁ ነው።"

ከፊት ወጣች። ሰዉ ተከተላት።

መንገድ ላይ ደረስኩባት።

"ስህን፣ ወይፈኑን ለምን አላረድሽውም?"

"ሥጋ አብልቻቸው ማን ከአስረስ ቤት ይበላ ነበር፣ አያ ሙሉጌታ?" አለችኝ። "ሆዳቸውን ለሙሽራዋ ላስተርፍላት ብዬ ነው። ወይፈኑ ለሙት ዓመቱ ይደርሳል። ሰርግ ግን ሙት ዓመት የለውም።"

"ሰዉ እኮ እያማሽ ነው።"

"ይማ። ምስጋናው ያውቀኛል።"

አብሬያት ወደ አዳራሹ ሄድኩ...

አዳራሹ በር ላይ ጥቁሯን ለብሳ ስትቆም ከበሮው ቆመ። ሐዘንተኛ ፊት አይዘፈንም።

"ለምን ዝም አላችሁ?" አለች።

ዘፋኞቹ አንገታቸውን ደፉ።

የመጀመሪያውን እልልታ ራሷ አቀለጠችው...

ሰዉ ገባ። አግዳሚው ሞላ። የራበው ሰው እንዴት እንደሚበላ ታውቃላችሁ።

አስረስን ወደ ጥግ ጠርቼ ያለችኝን ነገርኩት። ብዙ ቃል አልፈጀብኝም።

ቆሞ ቀረ። ከዚያ ዞር ብሎ ከበሮውን በእጁ ይዞ አስቆመው።

"አንዴ" አለ። "ቄሶቹ ይነሱልኝ። የምትበሉት ሥጋ የምስጋናውም ተዝካር ነው። ነፍስ ይማር በሉልኝ።"

የሐዘን እህል ከሙሽራ ጋር አይገናኝም ያለው ሰው ነው ይሄን የሚለው...

ሙሽራዋ ሳትቀር ሁሉም ብድግ ብሎ "ነፍስ ይማር" አለ።

ስህን ያን ጊዜ አለቀሰች። በባሏ ተዝካር ላይ እንባዋን አላየሁም ነበር።

እኔ ከዚህ የተማርኩት ይሄን ነው። ቀን ሲጋጭብን ሁላችንም "ማን ቀደመ?" እንላለን። ስህን ግን "የማን ድግስ ይበላሻል?" ብላ አሰበች። መብቱን የያዘ ሰው አዳራሽ ያገኛል። ሰው የሚያገኘው ግን ለሌላው ያሰበ ነው።

እናንተ ብትሆኑስ? በገዛ ሐዘናችሁ ሰው ሲያማችሁ እየሰማችሁ ዝም ትሉ ነበር... ወይስ ወይፈኑን ታርዱ ነበር?

የልባችሁን ከታች ጻፉ።