ክንዱ ያረፈበት ቦታ

የአዘዞው ጊታር ሠሪ የሻው አዲሱን ቤዝ ጊታር ሐመልማል አንገት ላይ አንጠለጠለውና የብርጭቆ ወረቀቱን አነሳ። ጊታሩ ገና ቫርኒሽ ቫርኒሽ ይሸታል። አባቷ ያዘዙት ግን አሮጌ እንዲመስል፣ ወንድሟ አንዱዓለም በመኪና አደጋ ሲሞት አብሮት የተቃጠለውን ያረጀ ጊታሩን መስሎ እንዲፋቅ ነበር። አሁን በቤተሰቡ ባንድ ውስጥ በእሱ ቦታ የምትጫወተው እሷ ነች።

«ክንድሽን ጣል አድርጊበት፤ ቀለሙ የሚለቀው ክንድ የሚያርፍበት ላይ ነው» አላት የሻው። ጣል አደረገች። የሻው በእርሳስ ምልክት ሊያደርግ ሲል፣ በርጩማ ላይ የተቀመጡት አባቷ እጁን ያዙት።

«እዚያ አይደለም። ልጄ ረጅም ነበር፤ ወደ ታች ነው።»

ክንዷን ይዘው ወደ ታች ጎተቱት። ትከሻዋ ተጣመመ፤ ማንገቻው አንገቷን ከረከራት። ላውልቀው ብትል ወንድሟን የካደች መሰላት፤ ዝም ብትል ዕድሜ ልኳን በእሱ ክንድ ልትጫወት ነው።

«ምነው አያ፣ የልጅቷ ክንድ እኮ እዚያ አይደርስም» አለ የሻው ቀስ ብሎ።

«ትለምደዋለች።»

ሐመልማል ማንገቻውን አወለቀችና ጊታሩን አባቷ ጭን ላይ አኖረችው። «አባባ፣ እኔ እጫወታለሁ» አለች፤ «አንዱዓለምን ግን አልሆንም።»

አባቷ ሊቆጧት ቀና አሉና ተዉት። ጊታሩን በሁለት እጃቸው አቀፉት።

«ልጄ እኮ ሞተ» አሉት ለየሻው፣ መርዶው ገና ያን ሰዓት የደረሳቸው ይመስል።