ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ

ሲስተር ቢልቂስ በአምቡላንሱ መስኮት ግማሽ አካሏን አውጥታ የውኃ ጠርሙስ ትዘረጋልኛለች። እኔ እንዳላየሁ ሆኜ እሮጣለሁ። ሩጫ ካሉት ነው እንጂ፣ አሁንስ እግሬን መጎተት ሆኗል።

«የብርጓል፣ ከንፈርሽ ጠቁሯል። ስምንት ወር ሙሉ እንክብል በእጄ ያስዋጥኩሽ አስፋልት ላይ ልትደፊብኝ ነው?»

«ጾም ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ አልቀምስም።»

«እኛም ጾም እናውቃለን። የታመመ አይጾምም።»

«ድነሻል ብለሽ የፈረምሽልኝ አንቺ አይደለሽ እንዴ?»

ጠርሙሱን ወደ ውስጥ መለሰችው። ደስ ሳይለኝ ግን ሳሉ መጥቶ አጎበጠኝ።

የሳንባ ነቀርሳ ቀን ዛሬ፣ መጋቢት አሥራ አምስት ይውላል፣ ሑዳዴ መሐል። ቀኑን የቆረጠው ሰው መቼም ጾመኛ አይደለም። ከአምበር ተነሥቼ ደብረ ማርቆስ በእግሬ ከገባሁ፣ የከተማው ነጋዴዎች ከገጠር ለሚመጡ ሕሙማን ማደሪያ ሊሠሩ ቃል ገብተዋል። መኪና ላይ ከወጣሁ ቀረ። እኔ በታመምኩ ጊዜ ሐኪም ቤቱ አጥር ሥር አሥራ አንድ ሌሊት አድሬአለሁ። አጠገቤ ትተኛ የነበረችው አሰገደች በአሥረኛው አልነቃችም። ስለዚህ አልወጣም። ስለትም አለብኝ፤ ከዳንኩ ሑዳዴን ውኃ ሳልቀምስ እውላለሁ ብያለሁ። ከእግዜር ጋር ማን ይቀልዳል?

ባጃጅ ፊቴ ይቆምና የንስሐ አባቴ መምሬ አምደሚካኤል ይወርዳሉ። ቢልቂስ ደውላላቸው ኖሯል፤ ይቺ ጉደኛ።

«እግዚአብሔር ይፍታሽ፤ ጠጪ» ይላሉ።

«እርስዎ ጾመው ውለው እኔን ግደፊ ይሉኛል?»

እንዳልወድቅ የባጃጁን ብረት እይዛለሁ። ማርቆስ ገና ዳገቱን ካለፉ በኋላ ነው፣ እንዲህ ሆኜ እንደማልደርስ አውቄዋለሁ፣ ፈርቻለሁ።

መምሬ ጠርሙሱን ከቢልቂስ ተቀብለው ይከፍቱታል፣ ያማትባሉ፣ ራሳቸው ይጎነጫሉ። ደግመው ይጎነጫሉ። ውኃው በጢማቸው ይወርዳል።

ዛሬ ቀዳሽ እሳቸው ናቸው። ውኃ የቀመሰ ቄስ ደግሞ ለቅዳሴ አይቆምም።

«ምን አደረጉ፣ አባቴ?»

«ጠማኝ፣ ጠጣሁ። እንኪ።»

እቀበላቸዋለሁ። እያለቀስኩ እጠጣለሁ፣ ቢልቂስ ብታየኝም አላፍርም።

መምሬ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ሹፌሩ ይዞራሉ። «አንተ ተመለስ። ሌላ ቀዳሽ ይፈልጉ በላቸው።»

ከዚያ አስፋልቱን ይዘው ፊት ፊቴ ይሄዳሉ።

«በይ ተራመጂ» ይሉኛል ሳይዞሩ። «ዛሬ እንግዲህ ሥራ የለኝም።»