መንገድ የሚወስደው ጂፒኤስ

ይህ የሚሆንበትን ዘመን የሚያውቀው ዘመናትን የፈጠረ ጌታ ብቻ ነው። በዚያ ዘመን የማይሳሳተው ጂፒኤስ አዲስ መንገድ የሚያሳየው፣ የገዛው ሰው አዘውትሮ የተመላለሰበትን አንድ መንገድ ከልቡ ወስዶ ነው።

አዋላጇ ወለተ ሐና ከገደሉ ማዶ ምጥ ወደ ጠናባት እኅቷ በብስክሌት ልትሻገር ተነሣች፤ መንገዱን ስለማታውቀው ግን አስቀድማ ጂፒኤስ ልትገዛ ገባች።

«ይህኛው ጂፒኤስ ከልብሽ ምንም አይወስድም፤ ገደል ሲገባ ግን ይታወራል» አሏት ሻጩ አቶ መፍቀሬ።

«የማይታወረውን ይስጡኝ። የቤተ ክርስቲያኔን መንገድ ይውሰድ።»

«አብደሻል ልጄ? የገበያውን ስጪው እንጂ!»

«ገበያ መቼ አዘወተርኩ? ደግሞም እኔ ብረሳት እርሷ አትረሳኝም።»

እናትም ሕፃንም ተረፉ።

ዛሬ ወለተ ሐና በየማለዳው ነጠላዋን አጣፍታ ከደጃፏ ትቆማለች። ያን ቀን ተወልዳ እርሷ ዘንድ ያደገችው የእኅቷ ልጅ እጇን ትይዛለች፤ «አክስቴ፣ በዚህ ነው» ትላታለች።

እናንተንም እግዚአብሔር እጅ ይዞ የሚመራ ሰው ከቤታችሁ አያሳጣችሁ። አሜን።