ከባጃጁ ያልወረደችው ገዢ

«ማዘር፣ እንዳይወርዱ!»

ደላላው ሊዮል የባጃጁን ሸራ ሳብ አደረገው።

የኔነሽ በሸራው ክፍተት አጮልቃ አየች… ጅሬን ሰፈር፣ ዳገቱ ላይ፣ ባለ እንጨት ሰገነቱ አሮጌ ቤት። ተወልዳ ያደገችበት። አባቷ ከሸጡት ብዙ ዘመን ሆኖታል።

ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ… ሳሊሀ! የልጅነት ጓደኛዋ። ሸብታ፣ ጎብጣ፣ ግቢዋን ትጠርጋለች።

«ልውረድና ልሳማት!»

«ካወቁዎት ወሬው ሻጩ ጋ ይደርሳል። የአባታቸውን ቤት ፈልገው መጡ ከተባለ ዋጋው ጣሪያ ይነካል። ውሉ ይፈረም… ከዚያ ሰርፕራይዝ ያደርጓቸዋል!»

ሰርፕራይዝ የምትለዋ ቃል ጣፈጠቻት።

የኔነሽ በትዳር ድሬዳዋ ከሄደች ወዲህ ዕድሜዋ አልቋል። ባሏን ቀብራለች። ልጅ አልወለደችም። የምትፈራው አንድ ነገር ነበር… ሞታ፣ ጎረቤት ሳያውቅ መሰንበት።

ያላትን ሁሉ ሸጣ የመጣችው ለቤቱ አልነበረም። ከአጥሩ ወዲያ ለሚመጣው «ኮቱ!» ነበር። ልጅ ሳሉ ሳሊሀ በየማለዳው በኦሮምኛ «ነይ» የምትላት እንዲያ ነበር።

በዚያ ሰፈር ደግሞ ደንብ አለ። ቤት የሚገዛ ሰው ከመፈረሙ በፊት የግራና የቀኝ ጎረቤቱን ደጅ ይረግጣል። «እገሌ እባላለሁ፣ አብሬያችሁ ልኑር?» ይላል።

እምቢ የሚል የለም። ግን ይጠየቃል።

የኔነሽ ደንቡን ታውቀዋለች። አባቷም እንዲያ ብለው ነው የገቡት።

ግን ከባጃጁ አልወረደችም…

ክረምቱ ሲወጣ፣ ውሉ ተፈርሞ፣ ዕቃዋን ጭና መጣች። ለሳሊሀ የገዛችው ቀይ ሻሽ ቦርሳዋ ውስጥ ነው።

ከአጥሩ ወዲያ ግን ጣሪያ የለም። ሰዎች የጭቃውን ግድግዳ በዶማ ያፈርሳሉ።

«የዚህ ቤት ባለቤት የታለች?»

«አሮጊቷ? ሸጠው የቡ ከተማ፣ ልጃቸው ጋ ገቡ። እዚህ ፎቅ እኮ ነው የሚቆመው፣ እማማ!»

ዕቃዋን እንኳ ሳትፈታ የቡ ሄደች። ሳሊሀን ከልጇ ከኢርፋን ሱቅ ጀርባ፣ መስኮት በሌላት ክፍል ውስጥ አገኘቻት።

«ያ ረቢ! የኔነሽ… አንቺ ነሽ? አልሃምዱሊላህ፣ ሳልሞት አሳየኝ!»

ተቃቅፈው አለቀሱ።

«አንቺ፣ ምን ነክቶሽ ነው የሸጥሽው?»

«ሜ፣ እስቲ ተዪኝ… የናንተን ቤት የገዛው ሰው ደጄን አልረገጠም። ደላላውን ማነው ብዬ ብጠይቀው፣ ‹ስሙ አይነገርም፣ ከባድ ሰው ነው› አለኝ። ስሙን ደብቆ ከሚመጣ ሰው አጠገብ እንዴት ልደር? ነገ አጥሬን ቢገፋ ለማን አቤት እላለሁ? ‹ዛሬ ካልሸጡ ነገ በግድ ያስነሳዎታል› አለኝ። ገዢም ራሱ አመጣልኝ።»

«ማን?»

«ሊዮል የሚሉት ልጅ ነዋ።»

የኔነሽ ሻሹን ጭኗ ላይ አጠፈችው… ፈታችው… መልሳ አጠፈችው።

«ሳሊሀ… ገዢዋ እኔ ነኝ።»

ሳሊሀ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻል ነበር።

«ባጃጅ ቆሞ አይቼ ነበር» አለች። «እንግዳ ይሆናል ብዬ መጥረጊያዬን ጥዬ ጠበቅኩ… ምነው ብትወርጂ?»

የኔነሽ ሻሹን አንስታ ሳሊሀ ትከሻ ላይ ጣል አደረገችው።

አሁን ጅሬን ትኖራለች። ቤቱ የሷ ነው። ሰገነቱም እንዳለ አለ። ሳሊሀን ጉልበቷ ዳገቱን ከልክሏታል፤ ኢርፋንም «ሱቁን ለማን ልተው?» ብሎ አያመጣትም።

ባለፈው አንድ ማለዳ የኔነሽ ከአጥሩ ወዲያ «ኮቱ!» የሚል ድምፅ ሰማች።

ጫማዋን እንኳ ሳታደርግ ሮጣ ወጣች።

አንዱ ግንበኛ ጓደኛውን ለሲሚንቶ ሲጠራው ነበር…

ትምህርቱ ይኸው ነው። ደላላው ዋሽቷል፤ ግን ውሸቱን የሚያስቀምጥበት ቦታ የሰጠው የየኔነሽ ዝምታ ነው። ሁሉ ነገር ሲሞላልኝ እሄድለታለሁ ያላችሁት ሰው፣ የሞላ ቀን ላይገኝ ይችላል። ዛሬውኑ ስማችሁን ንገሩት። ባዶ እጃችሁንም ቢሆን ውረዱ።

እናንተስ… አይታችሁት፣ ሳትወርዱ ያለፋችሁት ደጅ የማን ነው?

ስሙን ከታች ጻፉት። ምናልባት እስካሁን ቆሞ እየጠበቀ ይሆናል…