ፍሳሹን የዘጋው

ማዶካ ለቤቱ አዲስ ልብስ ማጠቢያ ማሽን የገዛች ዕለት፣ «ልብሴ ከአባዬ ልብስ ጋር አይታጠብ» አለች። የጃፓኗ የወደብ ከተማ የኩሺሮ ልጃገረዶች በአሥራ አራት ዓመታቸው የሚሉትን እሷ የባንክ ሠራተኛ ከሆነች በኋላ አለችው፤ ከረፈደ!

አባቷ ቴይዞ ወደብ ላይ የዓሣ ቅርፊት ሲፍቅ የኖረ ሰው ነው። አልተቆጣም። «የኔን እኔው አጥባለሁ» አለና ነገሩ በዚያው አለቀ። ሚስቱ ኪኑዮ ከዚያ ወዲህ ልብሱን ታጥቦ፣ ታጥፎ ነው የምታገኘው። ማዶካም ከሥራ ስትገባ ሰላምታም ሳትሰጥ ወደ ማሽኑ ናት፤ የራሷን በማንም አታስነካም።

ዓርብ አመሻሽ ላይ ማሽኑ ውሃውን እንደያዘ ቀጥ አለ። «ሲ ዜሮ ሁለት» የሚል ምልክት ብልጭ ድርግም ይላል። በሩ ተቆልፏል፤ የማዶካ ልብስ ከነአረፋው ውስጥ ቀርቷል። በማግስቱ ደግሞ ከእጮኛዋ ወላጆች ጋር የትውውቅ ምሳ አለ። ቴይዞ ለዚያ ምሳ ሙሉ ልብሱን አውጥቶ መስቀያ ላይ ካዋለው ሰንብቷል።

ኪኑዮ መነጽሯን አድርጋ መመሪያውን ገለጠች።

«ውሃው መውጫ አጣ ማለት ነው። ከታች ያለውን ማጣሪያ ከፍታችሁ አጽዱ ይላል።»

«ተይው እማዬ፣ ጠጋኝ እንጠራለን!»

«ለማጣሪያ ብለን ጠጋኝ? ኧረ የሰው መሳቂያ አታድርጊን!»

ቴይዞ ተንበርክኮ ሳህን ደቀነና ማጣሪያውን አዞረ። ጥቁር ውሃ ተንዶለዶለ። ውሃውን ተከትሎ የዓሣ ቅርፊት ወጣ፤ እፍኝ ሙሉ። ሽታው ቤቱን ሞላው።

ኪኑዮ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«አንተ ሰውዬ! ሳታራግፍ ነው እንዴ የምትከተው? ልጅህ ሸሚዟን በምታጥብበት?»

ቴይዞ ቀና ብሎ ማዶካን አየ። ማዶካ ወለሉን ታያለች።

«አባዬ...» አለች።

«የኔ ጥፋት ነው» አለ ቴይዞ። «ሁለተኛ አይለምደኝም።»

ውሃው እንዳለቀ በሩ ቀጭ ብሎ ተከፈተ። ማዶካ እርጥቡን ልብስ በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አቅፋ፣ እያንጠባጠበች ወደ ፎቅ ሮጠች።

ኪኑዮ አልበረደላትም።

«ልጅቷ እንዴት እንዳፈረች አየህ? በል፣ ነገ ምሳው ላይ ባትመጣ ይሻላል። እዚያም ደግሞ አታዋርደን።»

ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ራሷ አፈረች፤ ግን አልመለሰችውም።

«እሺ፣ እቀራለሁ» አለ ቴይዞ፣ ቅርፊቱን በጋዜጣ እየጠቀለለ።

«ስንቴ ልንገርህ? ስታጥብ መጀመሪያ...»

ቴይዞ ወደ ደረጃው ተመለከተና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ቀስ በይ፣ ትሰማሻለች። እኔ ልብሴን የማጥበው እዚያው ወደብ ነው፤ በዚህ ማሽን አንድም ቀን አጥቤ አላውቅም። ባንክ ቤት ደግሞ ቅርፊት የለም።»