ሳትነግር የምትመጣው ገምጋሚ

ከበጎ አድራጎት ድርጅቱ የተደወለው ሰኞ ጠዋት ነው።

“ገምጋሚያችን በዚህ ሳምንት ትመጣለች፤ ቀኑን ግን አንነግራችሁም” አለ ደዋዩ። “ማንበብ የሚቸግረው ልጅ የሚያየውን ፍዳ በኑሮዋ ታውቀዋለች።”

ሥራ አስኪያጁ ስልኩን ዘግቶ እጁን አፋተገ። “ሳያውቀው ነገረን! እንዲህ ያለ ልጅ አላት ማለት ነው። ልጅ ይዛ የምትመጣ ሴት ስታዩ እንዳታንቀላፉ!”

ሰውየው ክፉ አይደለም። ብቻ ከእሱ በላይ ብልጥ የተፈጠረ አይመስለውም። ሠራተኞቹም ዞር ሲል “ሁሉን ዐዋቂው” ይሉታል።

ማዕከሉ ሁለት ክፍልና አንድ ጠባብ ግቢ ነው። ፊደል እየተምታታባቸው ትምህርት ቤት “ሰነፍ” ብሎ ያባረራቸው ልጆች ይማሩበታል። ያለቻቸው የንባብ ሳጥን አንዲት ናት። ገጽ ላይ ሲያስቀምጧት ጽሑፉን ጮክ ብላ ታነባለች፤ የምታነበውንም ቃል በብርሃን ታሳያለች። ልጆቹ በወረፋ ይጠቀሙባታል፤ ግማሾቹ ወረፋቸው ሳይደርስ ቀኑ ያልቃል። ድርጅቱ ገንዘብ ከሰጠ ለየልጁ አንዳንድ ሳጥን ይሠራል። ካልሰጠ በወሩ መጨረሻ በሩ ይዘጋል፤ ልጆቹም ያው ወደ ስድባቸው ይመለሳሉ።

ሳጥኗን የሠራችው ቴክኒሻን ይህን ባሰበች ቁጥር ወደ ልጆቹ ክፍል ታያለች። ከልጆቹ አንዱ የራሷ ነው።

“እንግዳዋ ፊት ስለ ሳጥኗ ጉድለት ትንፍሽ እንዳትዪ” አላት ሥራ አስኪያጁ።

“ብትጠይቀኝስ?”

“እኔ እያለሁ አንቺን ምን ብላ ትጠይቃለች!”

ጉድለቱ ይኼ ነው፤ ሳጥኗን መሃል ላይ ካቆሟት፣ ካቆመችበት አትቀጥልም። ከገጹ አናት ትጀምራለች።

ረቡዕ ዕለት አንዲት ነጭ መኪና ግቢው ውስጥ ገብታ ቆመች። ከፊት ጥቁር ሱፍ የለበሰች፣ ሽክ ያለች ሴት ወረደች። ከኋላ ደግሞ የደብተር ቦርሳ ያነገተች፣ ዐሥራ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው፣ አንዲት ልጅ።

ሥራ አስኪያጁ ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ወጣ። “እንኳን ደህና መጡ! ቤትዎ ነው፣ ይግቡ፣ ይግቡ!”

“መኪናዋ እዚህ ብትቆም መንገድ አትዘጋም?” አለች ሴትየዋ፣ ቁልፉን በእጇ እንደያዘች።

“ከፈለጉ ቢሮዬ ውስጥ ያቁሟት!” ብሎ ራሱ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ቁጥብ ናት፣ ገምጋሚ እንዲህ ነው እንጂ፣ አለ በልቡ።

“ልጅዎ እንዴት ታምራለች!”

“እግዜር ያሳድጋት” አለች ሴትየዋ።

ሻይ መጣ። የሥራ አስኪያጁ ወንበር ተለቀቀላት። ሳጥኗም አንድ ሙሉ ገጽ ሳትቆም አነበበች፤ መቼም እንድትቆም ማን ይፈቅድላታል! ሴትየዋ በመሃል ሁለቴ በመስኮት ወደ መኪናዋ አየች።

“እህስ፣ እንዴት አገኟት?”

“እኔ ምን አውቃለሁ ጌታዬ? እሷን ይጠይቋት” ብላ በአገጯ ወደ ልጅቷ አመለከተች።

“አይ እርስዎ!” ብሎ ሳቁን ለቀቀው። ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ! የማታውቅ መስላ ልታወጣጣው ነው፤ ወይ ፍንክች!

ልጅቷ እጇን ወደ ሳጥኗ ስትሰድ ግን ቀደማት። “ተይ የኔ ቆንጆ፣ የትልቅ ሰው ዕቃ ነው።” ወደ ቴክኒሻኗ ዞረ። “ሳጥኗን ወደ ክፍል መልሻት። ልጅቷንም ይዘሻት ሂጂ፤ እኛ እዚህ ቁም ነገር አለን።”

ቁም ነገሩ ሁለተኛ ሻይ ነበር።

“አለቃዎ እንዴት ያሉ ሰው ናቸው?” አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

“ጥሩ ሰው ናቸው። ደመወዝ በጊዜው ይከፍላሉ።”

ጨዋታ ዐዋቂም ናት ለካ! ዕንባው እስኪወርድ ሳቀ።

ክፍል ውስጥ ልጅቷ እንደ ሌሎቹ ወረፋዋን ጠበቀች። ተራዋ ሲደርስ በጣቷ ብርሃኑን እየተከተለች፣ እየተንተባተበች ማንበብ ያዘች። ቴክኒሻኗን አንጀቷን በላቻት። “አይዞሽ፣ ቀስ በዪ፤ ማን ያባርርሻል?”

ልጅቷ ሳጥኗን አቆመቻት። እንደገና አስነሳቻት። “ለምንድን ነው ከላይ የምትጀምረው?”

ቴክኒሻኗ ወደ ቢሮው በር አየች። ትንፍሽ እንዳትዪ የተባለችው እንግዳዋ ፊት ነው፤ ይቺ ደግሞ ልጅ ናት።

“ጥፋቱ የኔ ነው፤ አሠራሯን ስቼዋለሁ። የሚያስተካክላት ዕቃ አለ፤ መግዣ አጥተን ነው።”

“ልጆቹ አይናደዱም?”

“እንዴት አይናደዱ! የኔው ልጅ ትናንት ወረወራት። ኋላ ደግሞ ሄዶ አቀፋት።”

“እኔም ብሆን እወረውራት ነበር” አለች ልጅቷ። ሁለቱም ሳቁ።

ስንብት ሆነ። ሥራ አስኪያጁ የፊተኛውን የመኪና በር ለሴትየዋ ከፍቶ፣ ምርቃቱን ሲያዥጎደጉድ፣ ልጅቷ ከኋላ ወንበር አንገቷን ብቅ አደረገች።

“ሳጥኗ ስትቆም ከላይ ትጀምራለች” አለች።

የሰውየው ፊት ዐመድ መሰለ። “ኧረ... ልጅ ናት፣ አላወቀችበትም ይሆናል!” ከዚያ ወደ ቴክኒሻኗ ዞሮ ጥርሱን ነከሰ። “ጉድ ሠራሽን! ልጆቹን ሜዳ ላይ በተንሻቸው። ነገ የክፍሉን ቁልፍ አስረክበሽ ውልቅ በዪልኝ!”

“ለልጅ እንዴት ብዬ ልዋሽ?” አለች ቴክኒሻኗ። ዕንባዋ መጣ። ልጇ ከክፍሉ በር ላይ ሆኖ ያያት ነበር።

ሴትየዋ መኪናዋን አዙራ ከግቢው ወጣች። አስፋልቱ ላይ ሲደርሱ በመስታወቱ ወደ ኋላ አየት አደረገች።

“የት ላድርስሽ፣ ቢሮ ነው ቤት?”

“ቢሮ” አለች ልጅቷ። “ገንዘቡን ፈቅጄላቸዋለሁ፤ ሥራ አስኪያጃቸውን ግን ይቀይሩ።”