የወፏ ምስክርነት

ከአንዲት ደሴት በቀር በዓለም የትም የማትገኝ፣ ጀርባዋ ሰማያዊ፣ መንቆሯ ቀይ የሆነ አንዲት ዓሣ አጥማጅ ወፍ አለች። ዘመዶቿ ውኃ ለውኃ ሲያድኑ እሷ ከጥቅጥቁ ጫካ አትወጣም። የደሴቲቱም ሰው ያለ እሷ አይፈርድም። ተከሳሽ ጠዋት ከዛፏ ሥር ይቆማል፤ ቀትር ላይ ጥላው እግሩ ሥር ሳይገባ ከጮኸች ንጹሕ ነው፤ ዝም ካለች ግን ላይመለስ በጀልባ ይሸኛል። የአንድ ወጣት አባት ከአሥር ዓመት በፊት የተሸኘው እንዲሁ ነበር።

ዛሬ ደግሞ ጀልባ አቃጥለሃል ተብሎ ወጣቱ ራሱ ቆሟል። አላቃጠለም። ጥላው ግን እያጠረ ሄደ።

«የአባቱ ልጅ!» አለ ከሳሹ እየሳቀ። «ወፏ እንደሆን ዘራችሁን አትወድም። ይልቅስ ስንቅህን ቋጥር!»

«አፍህን ዝጋ፣ ትሰማሃለች» አሉት የዛፏ ጠባቂ ሽማግሌ፤ ግንዱን ተደግፈው፣ የለበሱትን ጨርቅ እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ተቀምጠዋል።

ወጣቱ ዓይኑን ከጥላው አልነቀለም። ጥላው ተረከዙን ሊነካ አንድ ጣት ሲቀረው፣ ከወደ ዛፏ ቀጭን፣ ረዥም ፉጨት ተሰማ። ሕዝቡ እልል አለ። ከሳሹ አንገቱን ደፋ።

ወጣቱም እያለቀሰ የሽማግሌውን ጉልበት ሊስም ሲያጎነብስ፣ ከጨርቃቸው ውስጥ በምራቅ የራሰች ትንሽ የሸምበቆ ፊሽካ ዱብ አለች። ሽማግሌው ቶሎ ብለው ረገጧት። ከዚያም ወደ ጆሮው ጠጋ ብለው፣

«የአባትህ ዕለት» አሉት በሹክሹክታ፣ «ሳል አፍኖኝ ነበር፣ ልጄ።»